ከምሳ በኋላ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚገባው ወረቀት፦ ስለ ስታቲክና ስለ ወረቀት አገባብ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀለም በሚያትም ጂቲኦ 52 ማሽን ላይ እሠራለሁ። ሥራችን በአብዛኛው ደረሰኝ ነው፤ 55 ግራም ካርቦንለስ (ካርቦን ሳይገባበት ጽሑፉን ወደ ታችኛው ቅጠል የሚያስተላልፍ ወረቀት) እና 60 ግራም ነጭ ወረቀት። ከኅዳር ወዲህ ወረቀቱ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይገባል፤ አንዳንዴ ተጣሞ ይቆማል። መውጫው ላይም አይደረደርም፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እጄን ሳስጠጋ ይነዝረኛል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከምሳ በኋላ ይብሳል። የመምጠጫ ጎማዎቹን ቀይረናል፣ አየሩን ጨምረናል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመሬት ሽቦ አስገብቷል፤ ለውጥ የለም። አንድ ጓደኛዬ ወረቀቱ ላይ ውኃ እርጭበት ይለኛል። ምን ላድርግ?»

«ጋሼ» ብለህ ስለጻፍክልኝ እኔም «አንተ» እያልኩ እመልስልሃለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንህ፦ ወረቀቱ ላይ ውኃ እንዳትረጭ። ጓደኛህ መድኃኒቱን አውቆ ቦታውን ስቶታል። ውኃው የሚያስፈልገው አየሩ ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ የወደቀ ጠብታ የነካው ቦታ ብቻ እንዲያብጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቅጠል ጎርበጥባጣ ሆኖ ይቀራል፣ ጎማውም አያነሳው፣ ማስተካከያውም አያቃናው።

ከጻፍከው ውስጥ ነገሩን ሁሉ የገለጠልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጠዋት ደህና ሆኖ ከምሳ በኋላ ይብሳል።» ያረጀ ጎማ ጠዋትም ያረጀ ነው። የላላ ስፕሪንግ ምሳ ሰዓት ጠብቆ አይላላም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ክፍልህ ውስጥ የሚለወጠው አየሩ ነው፤ አየሩ ሲለወጥ ወረቀቱ አብሮ ይለወጣል። ማሽኑን ፈታችሁ ገጠማችሁ፣ ሕመሙ ያለው ግን ክምሩ ውስጥ ነው።

በቁጥር ላሳይህ። የኅዳርንና የታኅሣሥን ጠዋት ብርድ ታውቀዋለህ። ሲነጋ 10 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ መያዝ ከሚችለው ውኃ ውስጥ የያዘው ድርሻ) ያለው አየር ክፍልህ ገባ እንበል። ይህ አየር ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ተመልከት። የቆርቆሮው ጣሪያ ፀሐይ ሲመታው፣ የማሽኑ ሞተርና የአየር ፓምፑ ሲግሉ ክፍሉ 24 ዲግሪ ይደርሳል። በአየሩ ውስጥ ያለው ውኃ አንዲት ጠብታ ሳትቀንስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 29 በመቶ ይወርዳል፤ የሞቀው አየር ውኃ የመያዝ አቅሙ ከእጥፍ በላይ ጨምሯልና። ለማተሚያ ክፍል የሚመከረው ከ50 እስከ 55 በመቶ ነው። ከ40 በታች ሲወርድ ስታቲክ፣ ማለትም በወረቀቱ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ፣ መታየት ይጀምራል፤ 30 አካባቢ ሲደርስ አንተ የዘረዘርከው ሁሉ ይከተላል። የከሰዓት በኋላው ችግርህ ይኸው ነው።

ወረቀቱ ራሱ ምን አሳልፎ እንደመጣ ደግሞ አስብ። ፋብሪካው ወረቀቱን የሚያሽገው በግምት 50 በመቶ እርጥበት ካለው አየር ጋር ተስማምቶ፣ ከክብደቱ አምስት በመቶ ያህሉ ውኃ ሆኖ ነው። በእሽጉ ውስጥ እያለ የጅቡቲ ወደብን ወበቅና የመኪናውን ጉዞ ይችላል፤ የማሸጊያው ወረቀት በውስጥ በኩል በላስቲክ የተለበጠው ለዚህ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ዛሬ ማታ ደስጣውን ሁሉ ቀደን፣ በመቁረጫው ቆርጠን፣ ነገ ለሚታተመው ሥራ ክፍት አድርገን እናሳድረዋለን። ያ ክምር ሌሊቱንና ጠዋቱን ከአራቱም ጎን ውኃውን ለደረቁ አየር ሲሰጥ ያድራል። የሚደርቀው መጀመሪያ ጠርዙ ነው። የደረቀው ጠርዝ ይሰበሰባል፣ መሃሉ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ ቅጠሉ እንደ ሰሐን ይጎደጉዳል። በመጋቢው ላይ ጠርዙ የተሰበሰበ ወረቀት ስታቲክ ባይኖርበት እንኳ ቀጥ ብሎ አይገባም፦ አንደኛው ጥግ ከፍ ይላል፣ ሌላው ይወርዳል፣ ፊት ማስተካከያው ላይ ሲደርስ ይጣመማል። «ተጣሞ ይቆማል» ያልከው ውስጥ ከፊሉ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ስታቲኩ። ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ወረቀት በማተሚያ ቤት ውስጥ ሥራው መነካካትና መለያየት ብቻ ነው፦ ከላስቲኩ ሲወጣ፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሲንሸራተት፣ በእጅ ሲራገብ፣ አንዱ ቅጠል ከሌላው ላይ ሲነሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብላንኬቱ (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ በሚያሳርፈው የጎማ ልባስ) እና በማተሚያው ሲሊንደር መካከል ተጨምቆ ሲላቀቅ። በክረምት ይህ ሁሉ ይደረጋል፣ ግን አይሰማህም። በቂ እርጥበት ያለው ወረቀት የተፈጠረውን ቻርጅ (የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ) በራሱ ላይ አሳልፎ ወደ ብረቱ ያፈስሰዋልና። የደረቀ ወረቀት ግን እንደ ላስቲክ ነው፤ የያዘውን አይለቅም።

የመሬት ሽቦው ለምን እንዳልጠቀመህም ከዚህ ይገባሃል። የመሬት ሽቦ ከብረት ላይ ቻርጅ ይወስዳል። ከደረቀ ወረቀት ላይ ግን የሚወስደው የነካውን ነጥብ ብቻ ነው፤ አንድ ጣት ርቆ ያለው ቻርጅ መንገድ ስለሌለው ባለበት ይቆያል። ሽቦውን አታስወግደው፤ ለአንተም ለማሽኑም ደኅንነት ግዴታ ነው፣ ከዚህ በታች ለምነግርህ ዘዴም መሠረቱ እሱ ነው። ብቻውን ግን ወረቀቱን አያድነውም።

እዚህ ላይ ልቤን የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። በማተሚያ ቤቶቻችን በበጋ ወረቀት ሁለት ሁለት ሆኖ በገባ ቁጥር «ስታቲክ ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ግን ከስታቲኩ ጋር ሌላ ነገር አብሮ አለ፤ አንዳንዴም ስታቲኩ ጨርሶ የለበትም። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቤት ለሁለት ቀን ሙሉ ፓምፕ ፈትተን፣ ቱቦ ቀይረን፣ እርስ በርስ ተነታርከን፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው በመቁረጫው ክፍል ነበር። ቢላዋው ዶልዱሞ ወረቀቱን ከመቁረጥ ይልቅ እየደቆሰ ጠርዙን አንድ ላይ ያጣብቀው ነበር። ሃያና ሠላሳ ቅጠል እንደ ተጠረዘ መጽሐፍ በአንድ ጎን ተያይዞ ይመጣል፤ የትኛው ነፋስ ይለየዋል?

ስለዚህ ከማንኛውም ወጪ በፊት እነዚህን ፈትሽ። ከምሳ በኋላ፣ ችግሩ በበረታበት ሰዓት፣ ከክምሩ ላይ አንድ ቅጠል አንስተህ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ልቀቀው። ተጣብቆ ከቆየ፣ ክንድህን ስታስጠጋም ፀጉርህ ከተነሳ፣ ስታቲክ አለ። ቀጥለህ ሃምሳ ያህል ቅጠል ይዘህ ጠርዙን በአውራ ጣትህ እያጠፍክ ልቀቀው። አንድ በአንድ ከወረደ ደህና ነው፤ በቡድን በቡድን ዘልሎ ከወረደ ጠርዙ ተጣብቋል፣ ቢላዋው ይሳል። ጥርጣሬ ካለህ ክምሩን ዙረህ የኋላውን ጠርዝ ወደ ፊት አድርገው፦ ችግሩ ቦታ ከለወጠ ወይም ከጠፋ ምክንያቱ የጠርዙ አቆራረጥ ነው። ስታቲክ የትኛው ጠርዝ ፊት እንደሆነ አይመርጥም።

ሦስተኛው ምክንያት ለአንተ ዓይነት ሥራ የተለየ ነው፤ ከሦስቱም ይልቅ የሚዘነጋው እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። 55 እና 60 ግራም ወረቀት ስስ ነው፤ አየር ያሳልፋል። መምጠጫው በጣም ሲጠነክር አየሩ በላይኛው ቅጠል ውስጥ አልፎ የታችኛውን ይስባል። ጎማው ጥፋት የለበትም፣ ከሚገባው በላይ ሠራ እንጂ። አንተ ደግሞ ወረቀቱ ሁለት ሆኖ ሲገባ አየሩን ጨመርክ። በልብህ ቅን ነገር አድርገሃል፣ ነገር ግን በእሳት ላይ ቤንዚን ነው የጨመርከው። የሚነፋው አየር ደግሞ ከፓምፑ የሚወጣው ሞቆና ደርቆ ነው። ጠርዙ ላይ በኃይል ሲነፋ ወረቀቱን የባሰ ያደርቀዋል፣ ቅጠሎቹንም እርስ በርስ እያፋተገ አዲስ ቻርጅ ይፈጥራል።

ስለዚህ ወደ ኋላ ተመለስ። የሚነፋውን አየር ዝጋና ማሽኑን በዝግታ እያዞርክ በጥቂቱ ክፈት፤ ላይኞቹ አምስት ስድስት ቅጠሎች ተንሳፍፈው ሲተነፍሱ ስታይ አቁም። ቅጠሎቹ እንደ ባንዲራ የሚርገበገቡ ከሆነ አልፈኸዋል። መምጠጫውንም እንዲሁ፦ ቅጠሉን ሳይጥል ከሚያነሳበት ዝቅተኛ ደረጃ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገህ ተወው። ለስስ ወረቀት የሚሆን ቀዳዳው ጠባብ ጎማ ካለህ እሱን አድርግ፤ ከሌለህ ከመምጠጫዎቹ አንዳንዶቹን መዝጋት ይቻላል። የክምሩን ከፍታ ለስስ ወረቀት ዝቅ አድርገው፤ ጎማው ወረቀቱን ተጭኖ ሳይሆን ወረቀቱ ተንሳፍፎ ወደ ጎማው ሲመጣ ነው አንድ ቅጠል ብቻ የሚነሳው። መለያዎቹ፣ ማለትም ብሩሾቹና ስስ ብረቶቹ፣ የክምሩን ጠርዝ ነካ ብቻ ያድርጉት።

ድርብ ወረቀት መቆጣጠሪያውንም በዚህ ጊዜ እንደገና ለክተህ አስተካክለው፦ አንድ ቅጠል ሲያልፍ ዝም ማለት፣ ሁለት ሲሆን ማሽኑን ማቆም አለበት። አንዳንድ ኦፕሬተሮች ማሽኑ እየቆመ ሲያስቸግራቸው ያላሉታል። ደረሰኝ ለሚያትም ሰው ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ሁለት ሆኖ ከገባው አንዱ ሳይታተምና ቁጥር ሳያገኝ ይወጣል፣ ጥራዙ ውስጥ ቅጠል ይጎድላል፤ ተከታታይ ቁጥሩ ሲዛባ ከግብር ሰብሳቢው ፊት የሚቆመው ደንበኛህ ነው።

ስለ መምጠጫ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዛሬው ችግርህ ቁልፍ አይደለም፣ ካርድና ክላሰር ስታትም ግን ይጠቅምሃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ጎማው ወረቀቱን ይስበዋል እንላለን እንጂ በእውነቱ ወረቀቱን ወደ ጎማው የሚገፋው የውጭው አየር ነው፤ የውጭው አየር ቀጭን ከሆነ ፓምፑ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ጉልበቱ ፋብሪካው ካለው ያንሳል። ስለዚህ በወፍራም ወረቀት ላይ የተዘጋ ማጣሪያ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ያለቀ የፓምፑ የካርቦን ምላጭ እኛ አገር ከሌላው ቀድሞ ያስቸግራል። የፓምፑን ማጣሪያ በየሳምንቱ አራግፍ፤ የወረቀት ብናኝና የሚረጨው ዱቄት ሁሉ እዚያ ነው የሚከማቸው።

ወደ ዋናው ልመለስ፤ አየሩን ማርጠብ። መጀመሪያ መለኪያ ግዛ። የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ናት፣ ዋጋዋም አንድ ቀን ከምታባክነው ካርቦንለስ ያንሳል። ነገር ግን የተጻፈባትን ቁጥር ዝም ብለህ አትመን። የገበታ ጨው በጥቂት ውኃ እንደ እርጥብ አሸዋ ለውስና በትንሽ ክዳን አድርገህ፣ መለኪያዋን አጠገቡ አስቀምጠህ፣ ሁለቱንም ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ብልቃጥ ወይም ላስቲክ ውስጥ ዝጋ። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለባት፤ 69 ካሳየች ሁልጊዜ ስድስት ደምርባት። ከዚያም ከማሽኑ መጋቢ አጠገብ፣ በወረቀቱ ክምር ከፍታ ስቀላት እንጂ በር አጠገብ ወይም ከፓምፑ በላይ አይሁን።

ምን ያህል ውኃ ያስፈልጋል? ሰው ከሚያስበው ያነሰ፣ ግን ያለማቋረጥ። ክፍልህ 7 ሜትር በ6 ሜትር፣ ቁመቱም 4 ሜትር ቢሆን 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ይህን አየር በ24 ዲግሪ ከ29 ወደ 50 በመቶ ለማድረስ ስምንት መቶ ግራም ያህል ውኃ ይበቃል፤ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ችግሩ የውኃው መጠን ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው። በሩ ተከፍቶ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ነፋስ እያስገባ የክፍሉ አየር በሰዓት ሦስትና አራት ጊዜ ሲለወጥ፣ በየሰዓቱ ከሁለት ሊትር ተኩል እስከ ሦስት ሊትር ትፈልጋለህ። ስለዚህ ውኃ ከመጨመርህ በፊት ክፍተቱን ድፈን፣ በሩን የሚዘጋ አድርገው። ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ ቢኖርህ ከየትኛውም ዕቃ ይበልጥ ይረዳሃል፤ የቀኑን ሙቀት ስለሚያግድ እርጥበቱ መጀመሪያውኑ እንዳይወርድ ያደርጋል።

የአየር ማርጠቢያ ማሽን መግዛት ከቻላችሁ በሰዓት የሚያወጣውን የውኃ መጠን ከላይ ካለው ስሌት ጋር አስተያይታችሁ ግዙ፤ ለመኝታ ቤት የተሠራችው ትንሿ ለማተሚያ ክፍል አትበቃም። ጉም የሚያወጣውን ዓይነት ከመረጣችሁ በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን እንደ ነጭ ብናኝ ሆኖ ወረቀቱና ብላንኬቱ ላይ ስለሚያርፍ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። ውኃውን የሚያተን ዓይነት ከዚህ ይሻላል። እሱም እስኪገኝ ድረስ እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩበትን ልንገርህ። ሁለት ሜትር አቡጀዲ ከገመድ ላይ ስቀል፤ የታችኛው ጫፉ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይግባ። ከኋላው ማራገቢያ አቁም። ነፋሱ በእርጥቡ ጨርቅ እያለፈ አየሩን ያረጥበዋል፣ ያቀዘቅዘዋልም፤ ሁለቱም አንጻራዊ እርጥበቱን ወደ ላይ ይወስዱታል። ከወረቀቱና ከማሽኑ ጥቂት ሜትሮች ይራቅ፣ ነፋሱም ወደ ክምሩ አይዙር። ጨርቁን በየሁለት ቀኑ እጠበው፤ ካልታጠበ ይሸታል፣ ይሻግታልም። ወለሉን በእርጥብ መወልወያ ጠዋትና ቀትር ላይ ማጽዳትም ያግዛል። ከ60 በመቶ በላይ ግን አታድርሰው፤ ቀለሙ መድረቅ ይዘገይበታል፣ የወረቀቱ ጠርዝም አሁን በተቃራኒው ውኃ ጠጥቶ መወዛወዝ ይጀምራል።

አየሩ ሲስተካከል ወረቀቱ ወዲያው አይከተለውም። የደረቀ ክምር ውኃውን መልሶ የሚያገኘው በቀናት ነው፣ ያውም ከጠርዙ ጀምሮ። ስለዚህ አሁን ቀድዳችሁ ያስቀመጣችሁትን ክምር ለመፈወስ አትድከም፤ ብዙ ጥንቃቄ ለማይፈልግ ሥራ፣ ለምሳሌ ለማስታወሻ ደብተር ውስጥ ገጽ፣ አውለው። አዲሱን ወረቀት ግን በእሽጉ እንዳለ ወደ ማሽኑ ክፍል አስገብተህ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ሙሉ ፓሌት ከሆነ ሁለት ቀን፣ ሳትከፍት አቆየው፤ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር ይተካከል። ደስጣውን የምትቀደው ልታትመው ስትል ብቻ ይሁን። በአንድ ቀን የማይታተመውን አትቁረጥ። የተቆረጠውንና በሁለት ዙር መካከል የሚያድረውን ወረቀት በላስቲክ ከላይም ከጎንም ሸፍነው። ይህ ብቻ፣ አንድ ብር ሳታወጣ፣ የችግርህን ግማሽ ያቃልልልሃል ብዬ አምናለሁ።

ካርቦንለሱን ስታራግብ እጅህ ይለዝብ። በጀርባው ያሉት የቀለም እንክብሎች ጣት ሲጫናቸውና የመንጃው ጎማ ሲያጠብቅባቸው ይሰበራሉ፤ ደረሰኙ ላይ ሰማያዊ ጭረት ሆኖ ይወጣል። በደረቅ አየር ደግሞ በኃይል ማራገብ ራሱ ስታቲክ ይፈጥራል። ጥቂት ጥቂት ቅጠል ይዘህ፣ አንዴ አየር አስገብተህ፣ አስቀምጠው።

በወረቀቱ ላይ ያለውን ቻርጅ በቀጥታ የሚያጠፋው የብረት ጭራ ነው፤ ለበዓል ዛፍ የሚጠመጠመውን የሚመስል፣ ነገር ግን ከመዳብ የተሠራ። የላስቲኩ ጌጥ ምንም አይሠራም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቻርጅ ያለው ወረቀት በሹል ብረት አጠገብ ሲያልፍ በሹሉ ጫፍ ዙሪያ ያለው አየር ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ ቻርጁም በአየሩ አልፎ ወደ መሬት ሽቦው ይሄዳል። ሁለት ነገር ካልተሟላ ግን ጭራው ጌጥ ብቻ ይሆናል። አንደኛ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ቀለም ከተፋቀ የማሽኑ ብረት ጋር መያያዝ አለባቸው፤ በቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ አልታሰረም። ሁለተኛ፣ የሚቀመጠው ወረቀቱ በአየር ላይ ሆኖ በሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ወረቀቱ በብረት ጠረጴዛ ወይም በሲሊንደር ላይ ተኝቶ እያለፈ ከሆነ ቻርጁ ወደ ብረቱ ስለሚሳብ ጭራው አይሰማውም። አንዱን ቅጠሉ ከክምሩ ተነስቶ ወደ ፊት በሚሄድበት፣ ሌላውን መውጫው ላይ ቅጠሉ ከመውደቁ በፊት ዘርጋ፤ ከወረቀቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ጭራው ሁሉንም አያጠፋም፤ ትንሽ ቻርጅ ይተርፋል። የቀረውን የሚያጠፋው በከፍተኛ ቮልቴጅ አየሩን የሚያነቃቃው ዘንግ ነው። ገንዘብ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ መርፌዎቹ ግን በብናኝ ሲሸፈኑ ሥራውን ያቆማልና በየሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ። ብዙዎች የልብስ ማለስለሻ በውኃ በጥብጠው የመጋቢውን ሰሌዳ ይወለውላሉ፤ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት ይረዳል። ሰሌዳው ላይ ብቻ ይሁን፤ ወደ ሮለሩና ወደ ፕሌቱ ከደረሰ የቀለሙንና የውኃውን ሚዛን ያበላሽብሃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማሳስብህ ግን ሌላ ነው። «ይነዝረኛል» ብለሃል። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው በሺዎች ቮልት ሲደርስ ነው፤ መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አይገድልህም፣ ብልጭታ ግን አለው። በብዙ ማተሚያ ቤቶች ብላንኬትና ሮለር የሚታጠበው በቤንዚን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ቤንዚን በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት እንኳ የሚቀጣጠል ትነት አለው፤ ለማቀጣጠልም አንዲት የጣት ብልጭታ ትበቃዋለች። እባክህን ቤንዚኑን ተው። ለብላንኬት ማጠቢያ የተሠራውን ፈሳሽ ተጠቀም፤ እሱ ካልተገኘ ነጭ ጋዝ ይሻላል። ቤንዚን የነካውን ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ክተት፣ ማጠቢያውን በላስቲክ ጠርሙስ ከክምሩ አጠገብ አታኑር፣ ለማጠብ ስትጎነበስም አስቀድመህ ባዶ ብረት ንካ። የናይለን ጋውን አውልቀህ የጥጥ ልበስ። ይህን የምጽፍልህ ወረቀት ስለሚተካ፣ እጅህና ዓይንህ ግን ስለማይተኩ ነው።

ለያዝከው ሥራ እንዲህ አድርግ። ዛሬ መለኪያዋን ገዝተህ በጨው ፈትናት። ነገ ጠዋት የቢላዋውን ፈተና ሥራ፣ አየሩንና መምጠጫውን እንደነገርኩህ ከዜሮ አስተካክል፣ አቡጀዲውን ስቀል፣ በሩን ዝጋ። ከዚያ ያልተከፈተ ደስጣ ቀደህ አምስት መቶውን ቅጠል አንዴ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሌላ አዲስ ደስጣ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት አሳልፍ። በሁለቱም ጊዜ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ሁለት ሆኖ የገባውን ብዛት ጻፍ። እርጥበቱ ከ45 በላይ ሆኖ ወረቀቱ አሁንም ሁለት ሁለት ሆኖ ከገባ ስታቲኩን ተወውና የጠርዙን ፎቶግራፍ በቅርበት አንስተህ ከቁጥሮቹ ጋር ላክልኝ፤ ከዚያ የማሽኑን ነገር አብረን እናያለን።